ሀብቴ የተቀበረበት ሰፈር

ሰው የራሱን መርዶ በስልክ ሲሰማ አይታችሁ አታውቁም ይሆናል። ሀብቴ ከፍያለው ግን ሰምቷል። በ1998 ኦክቶበር አጋማሽ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ካሮልተን ውስጥ በእኅቱ አፓርትመንት ሳሎን ተቀምጦ ካልሲውን ሲያጠልቅ ስልኩ ጮኸ። አሜሪካ ከገባ ገና ስምንት ወሩ ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ባይሆንም የራሱንና የአባቱን ስም፣ ደግሞም "ወንድም" እና "ሞተ" የሚሉትን ቃላት ለይቶ ያውቃል። የደወለችው ሴት እነዚህኑ ቀስ ብላ፣ በሐዘኔታ ድምፅ ሁለት ጊዜ ነገረችው። የስልክ ቁጥር አስጻፈችው። እሱም "ኦኬ፣ ታንክ ዩ" ብሎ ዘጋ። ለራሱ ሞት ሌላ ምን ይበል?

እኅቱ የሺሃረግ ፋርመርስ ብራንች ከሚባለው አጎራባች ከተማ ካለው ዌርሃውስ፣ ከኦቨርታይም ሥራዋ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቃት።

"እታለም፣ ዛሬ ሞቻለሁ" አላት።

እየሳቀ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ቁጥሩን ከእጁ ተቀብላ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ስትደውል ያነሳችው ሴት ዶና እባላለሁ አለች፤ በሚሲሲፒ ጠረፍ ቤይ ሴሌስት በምትባል የአሳ አጥማጆች መንደር የመቃብር ጉዳይ ኃላፊ ነች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ልክ በመስቀል ማግስት፣ ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ባሕሩን በመንደሩ ላይ ገልብጦት ነበር። ውሃው መቃብሩን አርሶ አሥራ አራት የሬሳ ሣጥን አንሳፍፎ አወጣ። ከአሥራ አራቱ አንዱ በ1986 የተቀበረው የሀብቴ ከፍያለው ነው። የቅርብ ዘመድ ተብላ በመዝገብ የሰፈረችው እኅቱ የሺሃረግ ናት። ያኔ ከስደት ያመጣቻት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የገና ካርድ ትልክላት ስለነበር አድራሻዋ አልጠፋም። የሚመጣው ቅዳሜ ሁሉንም መልሰን ስለምንቀብር መጥተሽ ፈርሚ አለቻት።

 የሺሃረግ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

"ስመ ሞክሼ ነው" አለችው።

"የአባቴም ስም ሞክሼ ነው?"

"ማለቴ፣ እዚያ ሳለሁ የማውቀው ሰው ነው። ዘመድ የለውም፤ ሶ እኔ ሄጄ ልፈርምለት ነው። አንተ ሥራህን ሥራ።"

"የሞትኩት እኔ፣ ከቀብሬ ልቅር?" አለና እንደገና ሳቀ። "ከሥራ ኦፍ እጠይቃለሁ። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ የሺሃረግ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገረችውን። ገዳሪፍ በስደተኞች ካምፕ ሳሉ እሷና ታናሽ ወንድሟ ሀብቴ፣ እኅትና ወንድም ተብለው አሜሪካ ለመሄድ በአንድ ፋይል ተመዘገቡ። ማኑሄ ዘርትሁን እዚያው ካምፕ ውስጥ ሽማግሌ ልኮ ያገባት ባሏ ነበር፤ ነገር ግን የተጋቡት ከምዝገባው በኋላ ስለሆነ ፋይሉ ውስጥ የለም። አንድ ቀን እናታቸው ድንበር ዳር ደርሳ ታማ ቀርታለች የሚል ወሬ መጣ። ሀብቴ ሊያመጣት ተነሳ። "ስማችን ከተጠራ ለምኑልኝ፣ ጠብቁኝ" ብሎ ሄደ። በስድስተኛው ቀን ስማቸው ተጠራ።

ከፋይሉ አንድ ሰው ከጎደለ ፋይሉ ተመልሶ ከክምሩ ሥር ይገባል፤ ከክምሩ ሥር የገባ ደግሞ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው። ፎቶ የሚነሱት ያንኑ ዕለት ነበር። ማኑሄ "ይደር፤ ሦስት ቀን እንለምናቸው" አለ። ክንዱን ይዛ "ሀብቴ ሲሉ አቤት በል" ያለችው የሺሃረግ ናት። ጠሩ። አቤት አለ። እንዲህ ቀላል ነበር። ሀብቴ እናቱን በአህያ ጭኖ ካምፑ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ እነሱ ግን ሄደው ነበር። ፋይልህ ተዘግቷል አሉት፤ ለምን እንደተዘጋ የነገረው የለም። እናቲቱ በዓመቱ እዚያው ካምፕ ሞተች።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ እንደ አረም በየጊዜው ይኮተኮታል እንጂ አይነቀልም። የሺሃረግ ለወንድሟ ደብዳቤ ጻፈች፦ እስከ ስምንተኛው ቀን ጠበቅንህ፣ ማኑሄም ቆርጦ ካርቱም ሄደ። ቆይታ ደግሞ፣ በወባ ሞተ ብላ ጻፈች። ሀብቴ ዘመን ሲለወጥ ጎንደር ተመልሶ ኖረ፣ በመጨረሻ ዲቪ ደረሰው። ዲቪ የደረሰው ቀን የሌላ ሰው እኅት እልል ትል ነበር። እሷ ግን ስሙ ኮምፒውተር ላይ ሞቶ ይገኝ ይሆን እያለች ስትቃዥ ከረመች። አልተገኘም። መጣ። ከኤርፖርት ተቀብላ ቤቷ አስገባችው፤ የቀራት የሥጋ ዘመድ እሱ ብቻ ነበር፤ ሲያውቅ ይተወኛል የሚለው ፍርሃት ግን ከእንቅልፏ ጋር ይተኛል፣ ከእንቅልፏ ጋር ይነሳል።

ካሮልተን ያለው ሐበሻ ይህን የት ያውቃል? ባል ያላገባች፣ ኩሩ ሴት ናት ይላታል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከውባት ሁለት ጊዜ መልሳለች። አንዷ የቤተ ክርስቲያን ጎረቤቷማ "የሺሃረግ የምትፈልገው መልአክ ነው" ብላ አስቃባታለች። ባሏን ቀብራ የመጣች ሴት መሆኗን ማን ይንገራቸው?

ዓርብ ጠዋት በእሷ ኮሮላ ተነሱ። ሀብቴ ሃይዌይ ላይ ገና አይነዳም። ከሽሪቭፖርት በፊት ነዳጅ ልትቀዳ ስትቆም "አሁን እነግረዋለሁ" አለች፤ አልነገረችውም። ጃክሰን ሲደርሱ ሳንድዊች ገዝታ ፓርክ አድርጋ አፏን ከፈተች፤ "ኬቸፕ ትፈልጋለህ?" ብላ ዘጋችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሀብቴ ምንም አልጠረጠረም። ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ጥዱን እያየ ራሱ ጀመረ።

"ይህን መንገድ ማኑሄ ቢያየው" አለ። "መኪና መንዳት እንዴት ይመኝ ነበር! ታውቂያለሽ እታለም፣ እኔ በየዓመቱ የክርስትና ስሙን አስጠራለታለሁ። ለቄሱ 'ወልደ ሚካኤል ብለው ይጸልዩለት፣ መቃብሩን የሚያውቅ የለም' እላለሁ። ካርቱም የሚቀብረው እንኳ አግኝቶ ይሆን?"

የሺሃረግ መሪውን አጥብቃ ያዘች። እንባዋ መጣባት፤ ጸሐይ መነጽሯን አጠለቀች። ባሏ ያለ ስሙ፣ ያለ ፍትሐት ነው የተቀበረው ብላ ስትንገበገብ ኖራለች፤ ለካ ስሙን ሲያስጠራለት የኖረው ቦታውን የነጠቁት ሰው ነው። መነጽሩን እስከ ባሕሩ ድረስ አላወለቀችውም።

ቤይ ሴሌስት ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። ሐበሾቹ ያኔ ሽሪምፕ ሰፈር የሚሉት ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር ፍጥረት ከሚላጥበት ፋብሪካ ጀርባ ያለውን መንደር ነው። ሦስት የሐበሻ ቤተሰብ፣ ብዙ ቬትናሞችና ነባሮቹ አሳ አጥማጆች ይኖሩበት ነበር። የሺሃረግና ማኑሄ እዚያ ቀኑን ሙሉ ሽሪምፕ ሲልጡ ይውሉ ነበር፤ እጃቸው እስኪቆስል የሚልጡትን አይበሉም። አከራያቸው ሚስ ኦዴት ቀቅላ ስታቀርብላቸው በሃይማኖታችን አይበላም ሲሏት፣ "ታዲያ ምን ልትሠሩ ባሕር ዳር መጣችሁ?" ትላቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በኅዳር፣ ማኑሄ ለአሳው ማቀዝቀዣ የሚሆን በረዶ ሲያራግፍ ከመርከብ ማቆሚያው አዳልጦት ውሃ ውስጥ ገባ። የደጋ ሰው ዋና የት ያውቃል?

አሁን ሰፈሩ የለም። መንገዱ አለ፣ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ምሰሶ አለ፤ ቤቶቹ ግን የሲሚንቶ ወለላቸው ብቻ ቀርቷል። አንድ የአሳ ጀልባ መስቀለኛ መንገዱ መሐል በጎኑ ተኝቷል። በየደጁ በፕላስተር የታሸጉ ፍሪጆች ተደርድረዋል፤ ሽታቸው መስኮት ዘግታችሁም ይገባል። ዛፉ ላይ የሕፃን ልብስ፣ የወንበር እግር፣ የመጋረጃ ቅዳጅ ተሰቅሏል። የሺሃረግ ትኖርበት የነበረውን ክፍል ፈልጋ ሁለት ጊዜ አለፈችው። ያወቀችው ሚስ ኦዴትን ስታይ ነው። አሮጊቷ ቤቷ ከሄደ በኋላ የቀሩላት አራት ደረጃዎች ላይ ተቀምጣ ከቤተ ክርስቲያን የታደለ ምሳ ትበላለች።

ተቃቀፉ። ሁለቱም አለቀሱ። አሮጊቷ ቀና ብላ ሀብቴን አየችው።

"ባልሽ ነው?"

"ወንድሜ ነው።"

"ሌላ ወንድም ነበረሽ? የሞተው አንድ ወንድምሽ ብቻ ይመስለኝ ነበር።" ወደ ሀብቴ ዞረች። "ስምህ ማን ነው?"

ከእንግሊዝኛ ጥያቄ ሁሉ ሀብቴ አሳምሮ የሚያውቀው ይህን ነው። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት፤ "ማይ ኔም ኢዝ ሀብቴ።"

ሚስ ኦዴት እጁን እንደያዘች የሺሃረግን አየቻት። "ሀብቴማ የሞተው ነው" አለች። "ያ ቆንጆ ልጅ። 'ወንድሜ፣ ወንድሜ' እያልሽ ስትጮሂ እዚህ ደጅ ላይ የያዝኩሽ እኔ ነኝ።"

ሀብቴ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ። ጥቂት ቃላት ነው የለየው፤ የለየው ግን በቃው።

"ምን አለች?"

የሺሃረግ አሮጊቷን አየች።

"እታለም፣ ምን አለች? እዚህ የተቀበረው ማን ነው?"

"ማኑሄ ነው" አለችው።

አሮጊቷ ነገር እንዳለ ገባትና ምሳዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ድንኳን ሄደች። ሀብቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የሺሃረግ ቆማ ነገረችው። አላሳመረችውም፤ አሥራ አራት ዓመት ሲያሳምሩት የኖሩት ነገር ሲወጣ እርቃኑን ነው የሚወጣው። ስም ሲጠራ እንዴት እንደሆነ፣ ፎቶው፣ አውሮፕላኑ፣ ውሃው። በሰው ፊት እኅትና ወንድም ስለነበሩ ለባሏ "ወንድሜ" እያለች ማልቀሷን።

"በቁሜ አለቀስሽብኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ።"

"ስንት ቀን ጠበቃችሁኝ? በደብዳቤው እስከ ስምንተኛው ቀን ብለሽኛል።"

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። ያንኑ ብትል ያምናት ነበር፤ ማን ይመሰክርባታል? አንገቷን ደፋች።

"ስድስት ቀን። ያውም ማኑሄ አይሆንም ብሎ ነበር። ሦስት ቀን እንለምናቸው አለ። የገፋሁት እኔ ነኝ።"

ሀብቴ በጣቶቹ ቆጠረ፤ ስድስትና ሦስት ለመደመር ጣት አያስፈልግም፣ እሱ ግን ቆጠረ። "በዘጠነኛው ቀን ደረስኩ" አለ። "እናቴ አህያው ላይ ሆና 'የሺሃረግ ድንኳን የቱ ነው?' ትለኝ ነበር። በየድንኳኑ አንገቷን ታሰግግ ነበር።" ተነሳና በፈራረሱት ወለሎች መሐል ወደ ባሕሩ ሄደ። ልትከተለው አልደፈረችም።

ሣጥኖቹ የተደረደሩት በፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ነበር። ዶና ሰፊ ሰውነትና ድካም የበዛበት ፊት ያላት ሴት ናት፤ የእሷም ቤት ሄዷል አሉ፣ ልብሷ ሁሉ ከእርዳታ የተገኘ ነው። የሺሃረግን እጇን ይዛ ወሰደቻት። ሣጥኑ ቡናማ ነው፤ ጭቃ ጠጥቶ አብጧል፣ አልተከፈተም። የሺሃረግ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። ውስጡ የሠርጓ ነጠላ እንዳለ ታውቃለች፤ የከፈነችው በእሱ ነው።

ቅጹ ላይ የሟች ስም አስቀድሞ ተጽፏል፤ ሀብቴ ከፍያለው። ይህ ሰው ሌላ ነው ብትል የእሷም የወንድሟም ወረቀት ምን እንደሚሆን አታውቅም። ፈረመች። እንደገና ዋሸች ማለት ነው፤ በዚያው በፈረመችበት እጅ እንባዋን ጠረገች።

"ሌላ አንድ ነገር" አለች ዶና። "የድሮው ድንጋይ ተሰብሯል። አዲስ የነሐስ ሰሌዳ እናሠራለን። እሱ ከመዝገቡ ጋር አይገናኝም፤ ቤተሰቡ የፈለገውን ያስጽፋል። ቬትናሞቹ በራሳቸው ፊደል ጽፈውልኛል። አንቺም እዚህ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ፣ ቀራጩ ቅርጹን ያየዋል።"

የሺሃረግ እስክሪብቶውን ያዘች። የማን ስም ትጻፍ? የወንድሟን ስም ሁለተኛ ጊዜ ከመሬት በታች ልታደርገው ነው? የባሏንስ ስም በምን አፏ፣ ያ ሰው እዚያ ውሃ ዳር ቆሞ?  ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ሀብቴ ነበር፤ ጫማው ጭቃ ብቻ ሆኗል። አላያትም። እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ ጎንበስ አለና፣ በዚያ የቄስ ተማሪ በነበረበት ጊዜ በለመደው ደህና የእጅ ጽሑፍ ጻፈ፦

ማኑሄ ዘርትሁን። ወልደ ሚካኤል። የየሺሃረግ ከፍያለው ባል።

ዶና ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። "ሲያምር" አለች። "ምን ይላል?"

"ስሙን ነው" አለች የሺሃረግ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀበሩት። ፓስተሩ አጭር ጸሎት አደረገ፤ ስድስት የመንደሩ ሰዎች ሣጥኑን ወደ ጉድጓዱ አወረዱ። የሺሃረግ ለቅሶዋን ጀመረች። "ማኑሄ" አለች፣ "ባሌ" አለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱ አብሮ መጣ። ደረቷን ስትመታ ፓስተሩ ደንግጦ ወንበር አመጣላት። ሀብቴ በጉድጓዱ ማዶ ቆሞ በለሆሳስ ይደግማል፤ ዳዊት ነው። አፈር በእጁ አፍሶ ጨመረ። እሷ ወዳለችበት በኩል አልተሻገረም።

መኪናው ጋ ሲደርሱ አላስቻላትም።

"ጻፍክለት" አለችው። "እግዜር ይስጥልኝ።"

"እሱ እንጠብቀው ብሏል።"

"እኔንስ?"

ሀብቴ የመኪናው ጣሪያ ላይ እጁን አሳረፈ። "እንጃ" አለ። "በውሸት ብነግርሽ ደስ ይልሽ ነበር። እንጃ፣ የሺሃረግ።"

አሥር ሰዓት መንገድ በአንድ መኪና ውስጥ ነው፤ አስቡት። ሀብቴ አይነዳም፣ ሌላ የሚሄድበት የለውም፣ እሷም ሌላ የምትለው የላትም። ጃክሰን ላይ ውሃ ገዛችለት፤ አመስግኖ ጠጣ። በማግስቱ ልብሱን ሰበሰበና ሌዊስቪል ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ክፍል ተከራየ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን የራሱን ወተት ሳይቀር ይዞ ወጣ። አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

ኅዳር ሲገባ የሺሃረግ ለንስሐ አባቷ ሁሉንም ተናገረች፤ በሞተበት ቀንም ለባሏ ተዝካር አወጣች። ካሮልተን ጉድ አለ። አላገባችም ስትባል የኖረች ሴት የባሏ ተዝካር! ግን ሐበሻ አምቶም ቢሆን ለቅሶ አይቀርም፤ አዳራሹ ሞላ። ያቺ መልአክ ነው የምትፈልገው ያለችው ሴትዮ ሳትቀር መጥታ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። የሺሃረግም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መሐል ጥቁር ለብሳ፣ የሟች ሚስት ሆና ተቀመጠች።

ሀብቴ ዘግይቶ መጣ፤ አብረውት ከሚኖሩት ሁለት ልጆች ጋር። ከበሩ አጠገብ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ የቀረበለትን በላ፣ ቄሱ ወልደ ሚካኤልን ሲጠሩ ተነስቶ ቆመ። ሰው ሊሰናበታት ሲሰለፍ እሱም ተሰለፈ፤ ከፊቱ የዌርሃውስ አለቃዋ፣ ከኋላው የማታውቃቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ተራው ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላት።

"አሜን" አለችው። ከኋላው ያሉት ቀርበው ነበርና እጇን ለቆ አለፈ።